ሙሉ ደርሷል

ተራራውን ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ በሽቦ ወንፊትና በጄሶ አቆምኩት፤ ሲደርቅ የተኛች ላም መሰለ፣ አፈረስኩት። ሁለተኛው ግን የእኛው ተራራ ሆነ፤ ከቪልደንሆልት ጣቢያ ጀርባ ያለው፣ ዋሻው ያለበት። ከምሠራበት እንጨት መሰንጠቂያ ሰጋቱራ አምጥቼ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ አለበስኩት። ለጥዶቹ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ቆራረጥኩ። ጫፉን እንደ ክዳን የሚነሣ አድርጌዋለሁ፤ ዋሻ ውስጥ የቆመ ባቡር በእጅ ካልተደረሰበት ያናድዳል።

ከቤታችን ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ጠባብ ነው፤ ቀና ብሎ መቆም የሚቻለው መሐሉ ላይ ብቻ ነው። ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሰውን ጣቢያ እዚያ ሦስት ዓመት ሠራሁት። ለማንም ላሳየው አልነበረም። እኩዮቼ ሞተር ብስክሌት ይገዛሉ፣ ጭፈራ ይሄዳሉ፤ እኔን ደስ የሚለኝ ኮምፔንሳቶ ላይ ተደፍቼ በወረንጦ አጥር ስተክል ነው። ትንሿ ባቡር ከዋሻ ስትወጣ ጉንጬን ከሐዲዱ እኩል አስተኝቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አያታለሁ። ያን ጊዜ እውነተኛ ትሆናለች።

ይህን ነገር የሚወዱ ሰዎች ዘመን ይመርጣሉ፤ እኔ ግን ቀን መረጥኩ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ ላይ የዋለች አንዲት ቅዳሜ። በዚያች ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ላይ አባቴ ራይሙንድ ዶርን የመንገደኛ ባቡር እየነዳ ከጣቢያው ወጥቶ ዋሻው ውስጥ ገባ። አልወጣም። እኔ የስምንት ወር ልጅ ነበርኩ።

የሆነውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ በፊት በዚያው ነጠላ ሐዲድ የጭነት ባቡር ወደ ጣቢያው ገብቶ ነበር። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ተበጥሶ የኋላ ሦስት ፉርጎዎቹን ጥሏቸዋል። የሲግናል ቤቱ ተረኛ ሄር ኤገርት የባቡሩ ጅራት እንደጎደለ አይተው ሲግናሉን ዘግተው ያዙ፤ ነጂው ዶርን ግን የተዘጋውን ሲግናል ጥሶ ሄዶ ከፉርጎዎቹ ጋር ተጋጨ። የምርመራው ወረቀት የሚለው ይህንን ነው። ሲግናሉን ከአባቴ ጋር ያዩት ከሰል ጨማሪውና ኮንዳክተሩ ነበሩ፤ እነሱም ሞተዋል። ሰባት ሰው አለቀ፣ ከአባቴ ጋር ስምንት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ድንጋይ ላይ ግን የተቀረጸው ሰባት ስም ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ በሙታን እሁድ፣ ስማቸው በጉባኤው ፊት ሲነበብም ሰባት ነው። የሚያነቡት ሄር ኤገርት ናቸው። ያዩት እሳቸው ናቸዋ።

እናቴ በዚያ እሁድ ከቤት አትወጣም። ድንች ትልጣለች፤ ለሁለት ሰው የማይሆን፣ ለሠርግ የሚበቃ ድንች። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቴ ስም ስምንተኛ ሆኖ ሲነበብ እናቴ እዚያ ተቀምጣ እንድትሰማ። የማይሆን መሆኑን ሳውቅ ጣቢያውን ሠራሁ። በእኔ ጣቢያ ፉርጎ አይበጠስም። አባቴ በሰዓቱ ይነሣል፣ ዋሻውም ባዶ ነው።

መሰንጠቂያው ላይ ዲርክ የሚባል አፉ የማያርፍ ባልደረባ አለኝ። "ዶርን! መጋዙ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፣ ታየህ? ወይስ እናንተ ቤት ቀይ አይታይም?" ይለኛል። ይሥቃሉ፤ እኔም አብሬ እሥቃለሁ። ጣሪያ ሥር ጣቢያ እንደምሠራ አንድ ቀን አምልጦኝ የነገርኩት ለእሱ ነው። ለዲርክ የነገሩት ደግሞ በማግሥቱ ዳቦ ቤት ይደርሳል።

በመስከረም የመጀመሪያ እሁድ ደወላችን ተደወለ። እናቴ ስትከፍት ከላይ ሆኜ ድምጿ ሲቋረጥ ሰማሁ።

"ፍራው ዶርን፣ እንደምን ዋሉ?" አለ የሽማግሌ ድምፅ። "ልጁ ጣቢያዬን እየሠራ ነው አሉኝ።"

ሄር ኤገርት ነበሩ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጣሪያው ሥር አጎንብሰው፣ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው ጣቢያውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ሲግናል ቤቱ መስኮቱ አራት ነው እንጂ ሦስት አይደለም" አሉ።

"ፎቶው ላይ ሦስት ነው፣ ሄር ኤገርት።"

"አራተኛው ከምድጃው ጀርባ ነው። ፎቶ አንሺው ምድጃው ላይ አልተቀመጠማ!" ብለው ሣቁ። ጥርሳቸው ሁሉ የራሳቸው ነው።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጡ ጀመር። እናቴ የምትሆነው ጠፋት። ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ሰው ደጃችንን ከረገጠ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። "ሄር ኤገርት እኛ ቤት!" ትላለች ለራሷ፣ ደረጃውን ስትወለውል። የፕለም ኬክ ትጋግራለች። እሳቸው በሩን ሲያንኳኩ የመንደሩ ሰው እንዲያይ መጋረጃውን ክፍት ትተዋለች።

አልዋሽም፣ ብዙ አስተማሩኝ። የትኛው ሣር የት እንደሚበቅል፣ የውኃው ጋን ዝገት በየትኛው ጎን እንደሚወርድ ያውቃሉ። ከእንጨት አራት ማንሻ ሠራሁላቸውና ከሲግናሎቹ ጋር በሽቦ አገናኘኋቸው። ማንሻውን ሲስቡት ሲግናሉ ክንዱን ያነሣል፣ መንገዱ ክፍት ነው። ሲመልሱት ይጋደማል፣ ዝግ ነው። እሳቸው ማንሻዎቹ ፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ከትራንስፎርመሩ ጋር ቆሜ ባቡሮቹን እነዳለሁ። የዚያን ቀን የሰዓት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ።

"ስማ" አሉኝ የመጀመሪያ ቀን። "ባቡር ገባ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ቀይና ነጭ ቆርቆሮ አለ፤ ጅራቱ እሱ ነው። በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከዚያ ስልኩን አንሥተህ 'ሙሉ ደርሷል' ትላለህ። ሐዲዱ ነጻ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ጅራት የሌለው ባቡር ግማሹ የት እንደቀረ እግዜር ነው የሚያውቀው።"

እኔም ለእያንዳንዱ ባቡር ከቢራ ጣሳ ከምስር ፍሬ ያነሰ ቆርቆሮ ቆርጬ፣ ቀይና ነጭ ቀብቼ ለጠፍኩ። ሄር ኤገርት መነጽራቸውን አድርገው በእያንዳንዱ ላይ ያጎነብሳሉ። "ሙሉ ደርሷል!" ይላሉ ስልክ እንደያዘ ሰው ጮክ ብለው። ደስ ይል ነበር።

ነገር ግን አንድ የማይመቸኝ ነገር መጣ።

"የትኛውን ቀን ነው ያልከኝ?" አሉ በሁለተኛው እሁድ። ነገርኳቸው። ኬካቸውን ቀስ ብለው አኝከው ጨረሱ።

"ጸደይ አይሻልም? ቼሪው ሲያብብ! ለአሻንጉሊት ሴቶቹም ደማቅ ቀሚስ ትቀባላቸዋለህ።"

"ቀኑን መርጫለሁ፣ ሄር ኤገርት።"

"እንግዲህ የአንተ ነው።"

በሦስተኛው እሁድ ተራራው ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። "ይሄ ብዙ ቦታ ይበላል። ዋሻውን ቆርጠህ ብትጥለው ሌላ ሐዲድ ይወጣዋል።" በአራተኛው እሁድ ከሄዱ በኋላ እናቴ ወጥታ በር ላይ ቆመች። "ሙጫው ሳንባ ያበላሻል አሉኝ ሄር ኤገርት። አንድ ዘመዳቸው በዚሁ ነው የሞተው። ብትተወው አይሻልም ቮልክማር?" እናቴ ሙጫው ሸቶኛል ብላ አታውቅም።

ከዚያ ደግሞ የጭነት ባቡሩ። ሌላውን ባቡር ሁሉ አጎንብሰው የሚያዩ ሰው፣ ያ ከዋሻው ሲወጣ ዞር ይላሉ። አንድ ጊዜ የጫማ ክራቸውን ያስራሉ፣ አንድ ጊዜ አፍንጫቸውን ይናፈጣሉ፣ አንድ ጊዜ በመስኮቱ ዝናቡን ያያሉ። ዞረው ሳሉ "ሙሉ ደርሷል" ይላሉ፤ ከዚያ የአባቴን ሲግናል ያነሣሉ። የዚያን ጊዜ ድምፃቸው ጮክ አይልም።

"ይሄኛውን አያዩትም እንዴ?" አልኳቸው በጥቅምት አንድ እሁድ፣ እየቀለድኩ።

"ጆሮዬ ይበቃኛል። አርባ ዓመት የሰማሁትን ባቡር! ስንት ፉርጎ እንደሆነ ከኳኳታው እቆጥርልሃለሁ።"

"ደንቡ ዓይን ነው ብለውኝ የለ?"

"ደንቡ ለአንተ ነው፣ ጎረምሳው" ብለው ሣቁ። ወዲያው ሣቁ ከፊታቸው ላይ ወረደ። "ብርድ ነው እኮ። ምድጃው ላይ ከሰል ስትጨምር ጀርባህን ለሐዲዱ ትሰጣለህ። ጆሮ ይለምዳል።"

የትኛውን ምድጃ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ኬክ ቆረስኩላቸው። ሰኞ ግን መጋዙ ሲጮህ ያ ነገር ከጩኸቱ ውስጥ ይሰማኝ ጀመር። ጀርባህን ለሐዲዱ ትሰጣለህ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። ዲርክ "ዶርን፣ ጣትህን!" ብሎ ክንዴን ሳበኝ፤ መጋዙ ጓንቴን ልሶት ነበር። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደብኝም። "ታመሃል እንዴ? ፊትህ ጄሶ መስሏል" አለኝ።

ያየሁት ነገር አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጀርባውን መስጠቱ ምን ማስረጃ ይሆናል? ግን ወረቀቱ የሚለው፣ ድንጋዩ የሚለው፣ ሁሉም የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። ሄር ኤገርት አይተዋል። አይተው ዘግተዋል። ባያዩስ?

ከሙታን እሁድ በፊት በነበረው እሁድ ጭጋጉ መስኮታችን ድረስ መጥቶ ነበር። እሳቸው ሳይመጡ የተራራውን ክዳን አነሣሁ፤ የጭነት ባቡሩን የመጨረሻ ሦስት ፉርጎዎች ፈትቼ ዋሻው ውስጥ ተውኳቸው፣ ጅራቱ ከእነሱ ጋር። ክዳኑን መለስኩ። 

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ካፖርታቸውን ሰቀሉ፣ ማንሻዎቹ ፊት ተቀመጡ። በዋሻው የማያልፉትን የጠዋት ባቡሮች አሳለፍን። ሰሌዳው ላይ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደረሰ። የጭነት ባቡሩን ለቀቅኩት። ሄር ኤገርት መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው በመሐረባቸው ይጠርጉ ጀመር። ባቡሩ ከዋሻው ወጣ፤ ዐሥራ አራት መሆን ሲገባው ዐሥራ አንድ ፉርጎ፣ ጅራት የሌለው። ጣቢያው ላይ ቆመ።

"ሙሉ ደርሷል" አሉ።

ሁለተኛውን ማንሻ ሳቡ። የአባቴ ሲግናል ክንዱን አነሣ። መንገደኞቹ ተሳፍረዋል፤ የአፍንጫ ፀጉር በምታህል ብሩሽ ፊታቸውን የቀባኋቸው እኔ ነኝ። እጄ የመንጃው ቁልፍ ላይ ነበር። አላዞርኩትም።

"ልቀቀው እንጂ" አሉ። "ሰዓቱ ደረሰ።"

"ሄር ኤገርት፣ ጅራቱን አዩት?"

"አየሁት።"

"ምን አዩ?"

"ምን አየሁ ይባላል? ቀይና ነጭ ነዋ!"

የተራራውን ክዳን አነሣሁ። ሦስቱ ፉርጎዎች ሐዲዱ ላይ ቆመዋል፤ ቀይና ነጯ ቆርቆሮ በግልጽ ትታያለች።

ሄር ኤገርት ዞረው አዩ። እጃቸው ግን ቀደመቻቸው። ሁለተኛውን ማንሻ ጨበጠችና ወደ ኋላ መለሰችው፤ ቀጭ አለ። የአባቴ ሲግናል ተጋደመ። ዝግ። ሁለታችንም እጃቸውን አየን። ማንሻውን እንደያዘች ቀረች።

"እንዲህ ነው ያደረጉት" አልኩ።

ከታች የሳሕን ድምፅ ይሰማል። እናቴ ታንጎራጉራለች።

"ድምፁን ስሰማ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከዋሻው። ተራራው የተናደ ነው የመሰለኝ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ መልሼዋለሁ። ከዚያ ሰዎች እየሮጡ መጡ፣ ሲግናሉን ቀና ብለው አዩት፤ ዝግ ነው። 'ዝግ ነበር' አሉ። እኔ አላልኩም። እነሱ ናቸው ያሉት።"

"እርስዎም ዝም አሉ።"

"ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች።"

"የእኔም እናት እኔን ታቅፋ ነበር።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ሲያደርጉት ፊታቸው ተመልሶ የበፊቱ ሰው ፊት ሆነ፤ ይህ ከሁሉ አስፈራኝ። "ለማን ትናገራለህ?" አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን ልጅ እንደሚያባብል ሰው። "ዳኛ ፊት ቀርበህ መጫወቻ ባቡር ልታሳይ ነው? 'ሽማግሌው ማንሻ መለሰ' ልትል? የዶርን ልጅ አበደ ነው የሚሉህ።"

"ለእናቴ እነግራታለሁ። እሷ ታምነኛለች።"

ወደ ደረጃው ጆሯቸውን ሰጡ። እንጉርጉሮው አላቆመም።

"ተው" አሉ። "እሷን አሁን አታሳምማት። የምትፈልገው ስሙን ነው አይደል? እሁድ የሙታን እሁድ ነው። አምጣት። ሰው ሁሉ ባለበት ስሙን አነበዋለሁ።"

"እውነቱንም ይናገራሉ?"

"አነበዋለሁ አልኩህ እኮ" ብለው ካፖርታቸውን አነሡ። ታች ወርደው ለኬኩ ሲያመሰግኑ፣ እናቴም "ምነው ዛሬ ቶሎ?" ስትል ሰማሁ። ቃል የሰጡኝ መስሎኝ ነበር። እኔ የሰማሁት መስማት የፈለግኩትን ነው።

ሳምንቱን ወደ ላይ አልወጣሁም። ክዳኑ እንደተነሣ ቀረ። እናቴን "እሁድ አብረን እንሂድ" ስላት ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። "ማን ምን አለህ?" አለች። "ሄር ኤገርት ኑ ብለዋል" አልኩ። የብል መድኃኒት የሚሸት ጥቁር ካፖርቷን አውጥታ ቅዳሜን ሙሉ አናፈሰችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ስንገባ ሰው ዞሮ አየን፤ ከኋላ ተቀመጥን። ሄር ኤገርት በጥቁር ልብስ ወጡ፣ ወረቀታቸውን ዘረጉ። አንድ ስም ሲነበብ አንድ ሻማ ይበራል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። እናቴ ጓንቷን እጇ ውስጥ ጨምድዳ ይዛለች። ሄር ኤገርት ወረቀቱን አጠፉት። ቀና ብለው ወደ እኛ ወንበር አዩ።

"ራይሙንድ ዶርን" አሉ። "የባቡር ነጂ።"

ከእናቴ ጉሮሮ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ቀሪውን ጠበቅኩ። አሁን ይናገራሉ አልኩ፣ አሁን።

"ሃያ ሦስት ዓመት በቂ ነው" አሉ ሄር ኤገርት። ድምፃቸው ተሰበረ፤ የውሸት ይሁን የእውነት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። "ሰው ይሳሳታል። የተሳሳተውንም ወንድማችንን እናስብ። እኔ በበኩሌ ይቅር ብዬዋለሁ።"

ስምንተኛ ሻማ በራ። አጠገባችን ያለች ሴት አለቀሰች። ኦርጋኑ ተነሣ።

ውጭ ግቢው ውስጥ ሰዉ ሄር ኤገርትን ከቧቸው ነበር። ዳቦ ቤት ያሉት ፍራው ሉትከ እጃቸውን ይዘው አይለቁም። "ደግ ልብ ማለት ይሄ ነው! ክርስቲያን ማለት ይሄ ነው!" ዲርክ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። "ዶርን፣ ያ የቀይ መብራቱ ቀልድ... በቃ፣ ይቅርታ" አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሰዎች እናቴን ጨበጧት፤ ፊቷን ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩት ሰዎች። እሷ ግን ሁሉንም አልፋ ሄር ኤገርት ፊት ቆመች። እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሄር ኤገርት፣ ምን ብዬ ላመስግንዎት? የሞትኩ መስሎኝ ነበር እኮ እስከ ዛሬ።"

"ምንም አይደል፣ ፍራው ዶርን። ልጁ ነው ያስታወሰኝ" አሉ። ከትከሻዋ በላይ አዩኝ። "እንደ ቃሌ ነው አይደል፣ ቮልክማር?"

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሰዉም ሁሉ እዚያው ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ዞራ አየችኝ። ሃያ አራት ዓመት ስኖር ያን ፊት አላየሁትም። የሠርጓ ፎቶ ላይ ብቻ ነው ያለው። ዝም አልኩ።

"ዛሬም ስምንት ሰዓት እመጣለሁ" አሉ ሄር ኤገርት ጠጋ ብለው፣ ቀለል ባለ ድምፅ። "ያንን የጭነት ባቡር ከሰሌዳው አውጣው። ሌላው ይበቃናል።"

"ይምጡ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?" አለች እናቴ። "ኬኩ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቷል።"

የግቢው ደረጃ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያንሸራትት ነበር። ሄር ኤገርት እግራቸውን አስቀድመው ሞከሩት፣ አመነቱ። እናቴ በቀኝ በኩል ክንዳቸውን ያዘች።

"ቮልክማር፣ ምን ቆመህ ታያለህ? እንዳይወድቁ! በዚያ በኩል ያዛቸው እንጂ" አለችኝ።

ያዝኳቸው።